ከአክስቴ ደጅ በታች ያለፈው መንገድ

የልጅ ልጄ ሰላም ባለፈው ሳምንት አጠገቤ ቁጭ አለችና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ዱጉና ተራራ ሊወጡ ነው፤ አራት ቀን፣ ከነድንኳኑ፣ ከነባትሪው፣ የሚጣጠፍ ምርኩዝ ሳይቀር። መንገዱ ስልኩ ላይ በሰማያዊ መስመር ተሥሏል። መስመሩን በጣቷ ስትነካው ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድና ምን ያህል ዳገት እንዳለው ይናገራል። «አባባ፣ አንተ በወጣትነትህ ወጥተኸዋል ይባላል። እስቲ እየው፣ የቀረ ነገር አለ?» አለችኝ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። ውሃው ተለክቷል፣ ምግቡ ለየቀኑ ተመድቧል፣ የወባ መድኃኒቱ እንኳ ተጽፏል። ሰማያዊው መስመር ግን ከቦዲቲ ወጥቶ ጥቂት ከሄደ በኋላ አንዲት ኮረብታ ዘንድ ሲደርስ ይታጠፍና ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርዳል። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ እኔ በእርሳስና በማስመሪያ ያሠመርኩትም መስመር የታጠፈው እዚያችው ኮረብታ ዘንድ ነበር።

እኔ እንግዲህ ስፈራ የተፈጠርኩ ሰው ነኝ፤ ቤተሰቤ ይህን እያነሣ ሲስቅብኝ ኖሯል። አውቶቡስ የሚነሣው በሁለት ሰዓት ከሆነ እኔ በአሥራ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ተገትሬያለሁ። ሰማይ ሳይደምን ጃንጥላ እይዛለሁ፤ በሩን ቆልፌ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ተመልሼ እነካዋለሁ። ያን ጊዜም እንዲሁ ነበርኩ፣ ሃያ አራት ዓመቴ ሆኖ፣ ሶዶ ላይ የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ሆኜ። ሶዶ የዛሬዋ ሶዶ አልነበረችም። አስፋልት የለም፣ ባጃጅ የለም፣ ፎቅ የሚባል ነገር የለም። ዝናብ ሲጥል ቀዩ ጭቃ ሸራ ጫማችንን ይውጠዋል። ሸራ ጫማ ሁለት ብር ነበር፤ ገዝተን በጠመኔ እያነጣን እናደርገዋለን። ካኪ ሱሪያችንን በከሰል ካውያ እስኪቆም እናስተኩሰዋለን፣ ፀጉራችንን በቅባት አስተኝተን ወደ ጎን እንከፍለዋለን። ከገበያው ከፍ ብሎ ባለው ማእዘን የዓረቡ ሱቅ ነበር፣ ከሱ ቀጥሎ ልብስ ሰፊዎቹ፣ ከነሱ ቀጥሎ ሻይ ቤቱ። ሻይ ቤቱ በር ላይ በመደርደሪያ የተቀመጠ ትልቅ ራዲዮ ነበረ። የክራር ዘፈን የመጣ እንደሆነ ልብስ ሰፊዎቹ የመኪናቸውን መርገጫ አቁመው ያዳምጣሉ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ሁሉም መርገጫዎች አንድ ላይ ይነሣሉ። አንድ ሳንቲም የሌለው ድሃም ሆነ ሹም እዚያ በር ላይ እኩል ይቆም ነበር።

ነገሩ የተጀመረው እዚያ ሻይ ቤት ነው። ጓደኛዬ ኤልያስ የአምስተኛ ክፍል ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ ነገን የማያስብ። አንድ ቀን ሻዩን ሳያማስል ተቀመጠና፣ ዱጉና ጥንት እሳት ይተፋ የነበረ ተራራ ነው ብሎ ሲያስተምር አንዲት ተማሪ ተነሥታ «መምህር፣ አይተውታል?» እንዳለችው ነገረኝ። አላየሁትም ማለት አሳፍሮታል። ከደጃችን ያለው ዳሞታም የዚያው ዘር ነው አለኝ፤ ነገር ግን ዳሞታ በርዶ ሣር በቅሎበታል፣ ዱጉና እስካሁን ይተነፍሳል፣ ከድንጋዩ ስንጥቅ እንፋሎት ይወጣል ይላሉ። እንሂድ አለ። የንጉሡ የዘውድ በዓል በጥቅምት ሐሙስ ላይ ውሎ ነበርና ዋና አስተማሪው አርብንም ሰጥተውናል፤ ከቅዳሜና እሑድ ጋር አራት ቀን ይሆናል። ሰኞ ጠዋት ደወል ሲደወል ያልተገኘ አስተማሪ ግን ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ እሺ ከማለቴ በፊት ቀኖቹን ሦስት ጊዜ በጣቴ ቆጠርኩ።

ከዋና አስተማሪው በላይ የሚያስፈሩኝ የኤልያስ እናት ነበሩ። የእማማ ዘነበች ባል በመንግሥት ሥራ ከሰሜን መጥቶ ሶዶ የቀረ ሰው ነበር። አንድ ዓመት ለሥራ ወደ ቢላቴ ወንዝ ቆላ ወረደ፣ ሁለት ሌሊት አደረ፣ በመጣ በወሩ ወባ ወሰደው። ኤልያስ ያን ጊዜ ገና ጡት አልጣለም። ስለዚህ በዚያ ቤት ቆላ የሚለው ቃል ሲነሣ ወሬው ይቋረጣል። ለማስፈቀድ ስንሄድ ባሳም አብሮን ነበር። ባሳ በአህያው ጨው ጭኖ ቆላና ደጋ የሚመላለስ ነጋዴ ነው፤ እኛን መንገድ ሊመራ፣ አህያውም ስንቃችንን ሊሸከም ተስማምተናል። እማማ ዘነበች ጥጥ እየፈተሉ ሰሙን። ባሳ በዚያች ከገበያ በለቀማት አማርኛው ሊያጽናናቸው ሞከረ።

«አይዞህ እማማ፣ ቆላ እኔን ያውቃል። ልጅህ በእግሩ ሄዶ በእግሩ ይመጣል።»

ፈገግ አሉ፣ ዐይናቸው ግን እኔ ላይ ነበር። ከሦስታችን የሚፈራው ሰው የትኛው እንደሆነ አውቀዋል መሰለኝ። እንዝርቱን አስቀምጠው እጄን ያዙኝ።

«ማርቆስ፣ እሱ ዕብድ ነው፣ አንተ ግን አሳቢ ነህ። ይሂድ። ቆላ ግን አታሳድርብኝ። በቀን ተሻገሩት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ልጄ ከፍታ ላይ ይሁን። የሰማይ የምድር አደራ።»

ማልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል አጣሁ። ከትምህርት ቤቱ ካርታ በስስ ወረቀት ቀድቼ መንገዱን ሠራሁ፣ ደመሰስኩ፣ ደግሞ ሠራሁ። ዝርዝር ጻፍኩ፤ ቆሎ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ፣ የሚያቃጥለው ዳጣ በጠርሙስ፣ ሁለት ቅል ውሃ፣ ክብሪት በላስቲክ፣ ቡሉኮ፣ ገመድ። ሙዝ በአሥር ሳንቲም የማይጨርሱት ያህል ይገኝ ነበርና ሙዝም ጻፍኩ፣ ከዚያ አህያው ይበላዋል ብዬ ሰረዝኩት። ከአንድ የማውቀው የጤና ረዳት፣ ያን ጊዜ ድሬሰር ከምንለው፣ መራራውን የወባ ክኒን ለመንኩ፤ ለኔና ለኤልያስ ከጉዞው በኋላ ላሉት ሳምንታት እንዲበቃ ለክቶ በትንሽ ጠርሙስ ሰጠኝ። ባሳ አያስፈልገኝም አለ፤ እዚያው ቆላ ተወልዶ ያደገ ነው። ዝርዝሩን ከኪሴ እያወጣሁ በክፍል ውስጥ እንኳ አነብ ነበር። ልጆቹ ሲያነቡ ሲሳሳቱ አልሰማም።

ባሳ በመጀመሪያ ያመጣው መንገድ ቀላል ነበር። ከሶዶ ቦዲቲ፣ ከቦዲቲ በኮረብታው ጀርባ፣ ኮረብታው ላይ ማደር፣ በማግስቱ በጠዋት ቆላውን በአጭር በኩል አቋርጦ ተራራውን መውጣት፣ ማታውን ተመልሶ እዚያው ኮረብታ ላይ ማደር። ነፋሻ ነው፣ ወባ አይደርስበትም። አንድ እንቅፋት ብቻ ነበረው። ኮረብታው ላይ ያለው ቤት የአክስቴ የኮይሼ ቤት ነው።

አክስቴ ኮይሼ የአባቴ ታላቅ እኅት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ሰፊ እንሰት ያላት፣ እጇ የማይታጠፍ። ወላይታ ውስጥ በዘመድ ደጅ አልፎ አለመግባት ምን ማለት እንደሆነ ለአገሬ ሰው አልነግርም። መግባቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ከአክስቴ ቤት የገባ ሰው በራሱ ፈቃድ አይወጣም። በመጀመሪያው ቀን በግ ይታረዳል፣ በሁለተኛው ጎረቤት ይጠራል፣ ሙቹዋ የምንለው የእንግዳ ምግብ በቅቤ ይሠራል፣ በሦስተኛው «ትናንት እኮ እንግዳ ነበራችሁ፣ ዛሬ ነው ቤተኛ የሆናችሁ» ትላለች። ከዚያ ወንዝ ወዲያ ያለች የእገሌ ልጅ ታነሣለች፤ ሚስት ልታደርግልኝ ያሰበቻትን ልጅ። አንድ ጊዜ ለአንድ ቀን ብዬ ሄጄ በስድስተኛው ቀን በለቅሶ ቤት ሰበብ ነው ያመለጥኩት። ሰኞ ደግሞ ደወል አለ። ዋና አስተማሪው አሉ። ደመወዜ አለ፣ ስሜ አለ። ስለዚህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ማስመሪያዬን አነሣሁና መስመሩን ኮረብታው ግርጌ ላይ አጠፍኩት። በታች በኩል፣ በቆላው፣ በቀን እንሻገራለን፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ተራራው ትከሻ ላይ እንሆናለን። አክስቴ አታይም፣ አትሰማም፣ አትቀየምም። በወረቀት ላይ ሁለት ጣት የምትሞላ ርቀት ናት።

ባሳ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ማንበብ አይችልም፣ ግን የታጠፈበትን ቦታ አውቆታል። በቋንቋችን «ኢሻ፣ ሰው ዘመዱን ፈርቶ ቆላ ይገባል?» አለኝ፤ ኢሻ ማለት ወንድሜ ማለት ነው። ወረቀቱን ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩ። ኤልያስም የአክስቴን በግ በሩቁ ሰምቶ ነበርና ቅር አለው። እኔ ግን በሰዓት በሰዓቱ ከፋፍዬ ጽፌዋለሁ አልኩ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ የፈራሁት ሁለት ነገር ነበር፣ አንዱን ለመሸሽ ሌላው አፍ ውስጥ ገባሁ።

ሐሙስ በሰላም ቦዲቲ አደርን። አርብ ጠዋት ኮረብታው ግርጌ ስንደርስ ቀና ብዬ አላየሁም፤ አንገቴን ደፍቼ፣ ባርኔጣዬን ወደ ግንባሬ ስቤ አለፍኩ። ሁለቱ ጣት ግን በእግር ሌላ ሆነች። ቆላው ገደል ነበረው፣ ካርታው ያላሳየው። ዝናቡ ካለቀ ገና ነበርና ጅረቱ ሞልቷል፤ አህያው ውሃው ዳር ቆሞ አልሻገርም አለ። በዱላ፣ በልመና፣ በቆጮ ሞከርነው። ጭነቱን አውርደን በትከሻችን አሻገርን፣ እሱንም በገመድ ጎትተን አሻገርነው። ሙቀቱ እንደ ምጣድ አፍ ነበር። ባሳ ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየ፣ እኔም እሱን አይቼ ዝርዝሬን ከኪሴ አወጣሁ። በዝርዝሩ መሠረት በዚያ ሰዓት ተራራው ትከሻ ላይ ነበርን። መሸብን። ከግራር ሥር፣ ትንኝ በጆሯችን እየዘፈነ፣ አደርን። ኤልያስ ቡሉኮውን ተከናንቦ ተኛ፤ እኔ ሌሊቱን በቅጠል ፊቱን ሳራግብለት አነጋሁ።

ስለ ተራራው ብዙ የምለው የለኝም። ሰዎች ሲጠይቁኝ አፍራለሁ። ወጣን። እውነትም ይተነፍሳል፤ ከስንጥቁ የሚወጣው እንፋሎት እንደ ሰው ትንፋሽ ሞቆ ፊት ያረጥባል፣ ሽታው እንደ ክብሪት ነው። ኤልያስ እጁን ላዩ ላይ ዘርግቶ እንደ ልጅ ሳቀ፣ ለዚያች ተማሪ የሚያሳያት ጥቁር ድንጋይ ኪሱ ከተተ። ዳሞታ በስተምዕራብ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። እኔ ያየሁት ግን ያቺን ኮረብታ ነው። የአክስቴ እንሰት እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል፣ ከመሐሉ ጢስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እዚያ ሆኖ ሰው ታች ያለውን መንገድ ሁሉ ያያል የሚል ሐሳብ ያን ጊዜ ነው የመጣብኝ። ያን ሌሊት ተራራው ትከሻ ላይ አድረን በማግስቱ ስንመለስ ልግባ፣ አልግባ ስል፣ ሰኞ ደግሞ ታወሰኝ። አልገባሁም።

እሑድ ማታ ሶዶ ገባን። ሰኞ በደወሉ ተገኘሁ። እማማ ዘነበች ልጃቸውን አቅፈው ሲስሙት፣ የት አደራችሁ አላሉም፤ እኔን ስላመኑ። ኤልያስን አትንገር አልኩት። ከዚያ መቁጠር ጀመርኩ። ከቆላ የተመለሰ ሰው አሥራ አምስት ቀን ይቆጠርለታል ይሉ ነበር። ክኒኑን ለሁለት እንድንካፈል ነበር የተሰጠኝ። እኔ ግን የኤልያስ ድርሻ ብቻውን የሚበቃ አልመሰለኝም። አባቱን የበላ ቆላ ነው። ቢያልቅበትስ፣ ቢጠፋበትስ ብዬ የራሴንም ድርሻ አንድም ሳላስቀር ለእሱ አስቀመጥኩ፤ የሚዋጥበት ቀን ሲደርስ ውሃ ይዤ እየሄድኩ ፊቴ አስውጠው ነበር። በየቀኑ ሰበብ እየፈጠርኩ ቤታቸው እሄዳለሁ፤ መጽሐፍ ልዋስ፣ መቀስ ልዋስ። ግንባሩን በጨዋታ አስመስዬ እነካለሁ፣ የዐይኑን ነጭ አያለሁ። «ሚስት ያጣህ ትመስላለህ» እያለ ይስቅብኛል። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። አሥራ አንደኛው ቀን ላይ እንቅልፍ ተኛሁ። አሥራ ሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ላነሣ ጎንበስ አልኩ፣ አልተነሣሁም። ብርድ ነው የሚያንቀጠቅጠኝ፣ በፀሐይ።

የኤልያስን ግንባር ስነካ የራሴን አልነካሁም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁርጥራጭ ነው። ኤልያስ በጀርባው ተሸክሞ ቤታቸው አስገባኝ። ድሬሰሩ መርፌ ይዞ ተመላለሰ። አንድ ቀን ዐይኔን ስከፍት እማማ ዘነበች አጠገቤ እየፈተሉ ነው፤ ኤልያስ ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱን አዙሯል፣ ሁሉንም እንደነገራቸው ገባኝ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «የማልክልኝን አፍርሰሃል። ይህን አልረሳልህም። የራስህን መድኃኒት ለልጄ ማዋጥህንም አልረሳም። አሁን ሾርባውን ጠጣ» አሉኝ። ከዚያ ቀን እስኪሞቱ ድረስ ስለዚያ ጉዳይ አንድ ቃል አልጨመሩም።

አክስቴ ኮይሼ የመጣችው በማግስቱ ነው። ወሬው በባሳ በኩል ደርሷት፣ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ፣ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ በጀርባዋ አዝላ ገባች። አቧራዋን ሳታራግፍ አጠገቤ ተቀመጠች። በቋንቋችን «ሳሮ» አልኳት፣ ሰላም ነሽ ማለቴ ነው። ለሰላምታዬ አልመለሰችልኝም።

«አርብ ዕለት ከደጄ ሆኜ አየሁ» አለች። «ሦስት ሰውና አንድ አህያ በታች በኩል ይሄዳሉ። ጎረቤቴ፣ ያ አንገቱን የደፋው የወንድምሽ ልጅ አይደለም ወይ አለችኝ። እንግዶች ናቸው አልኳት። የኛ ልጅ ቢሆን ውሃ ሳይጠጣ በደጄ አያልፍም አልኳት።»

አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም፣ ያን ብቻ አለች። ከዚያ የኮባውን ቅጠል ፈታች፣ ቅቤውን በመዳፏ አሟሟችና አናቴ ላይ አደረገችው። ቅቤው በጆሮዬ ላይ እየቀለጠ ሲወርድ አለቀስኩ፣ ሃያ አራት ዓመት የሞላኝ አስተማሪ፣ በሰው ቤት። አንድ ሳምንት ሙሉ አብራኝ ሰነበተች። እሷና እማማ ዘነበች ቋንቋ አይግባቡም ነበር፤ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው እኔን ሲጠብቁ እሰማቸው ነበር፣ አንዷ በአማርኛ ስትመርቅ ሌላዋ በወላይትኛ አሜን ስትል። ከዚያ በኋላ በቀራት ዕድሜ በየዓመቱ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ እሄድላት ነበር፣ በራሴ ፈቃድ ሳልወጣ። ያቺን ልጅም አገባኋት፤ የሰላም አያት እሷ ናት። በደጅዋ ሆና ያሳለፈቻቸው «እንግዶች» ግን እስከ ዛሬ ከፊቴ አልጠፉም።

እንግዲህ ሰላም የቀረ ነገር አለ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ጣቴን ያቺ ኮረብታ ላይ አሳረፍኩ። እዚህ የአክስቴ የልጅ ልጅ አለ፣ እንሰቱም አለ፣ ግቢ አልኳት። «አባባ፣ ፕሮግራማችን እኮ በሰዓት ነው፤ እሑድ ማታ መግባት አለብን፣ ሰኞ ሥራ አለ» አለች። ልቆጣ ፈለግሁ፣ አልተቆጣሁም። ያንን ቃል ከማን እንደወረሰችው አውቃለሁ። ይህን የጻፍኩትን ታሪክ ቁጭ ብዬ ነገርኳት እንጂ። ሰማችኝ፤ ስልኳን ተመለከተች፤ ሐሙስ ጠዋት ሄደች።

እሑድ ማታ አልመጡም። ሰኞ ጠዋትም አልመጡም። ስልኳ አይሠራም። እናቷ ከማለዳ ጀምራ ቤቱን ትዞረዋለች፣ መንገድ ላይ የሆኑት ነገር አለ፣ ፖሊስ ጋ እንሂድ ትላለች። እኔ የማውቀውን ልነግራት እፈልጋለሁ፤ ግን እኔም እኔው ነኝና ሦስት ጊዜ ወደ ውጭው በር ወጥቼ ተመልሻለሁ። ጅረቱ ሞልቶ ይሆን? መስመሩ ቆላ ውስጥ አስቀርቷቸው ይሆን? በሩን አራተኛ ጊዜ ስነካ ስልኬ ጮኸ። ከኋላዋ ብዙ ሰው ይሰማል፣ ሣቅ፣ ዕቃ ሲጋጭ፣ በግ ሲጮህ።

«አባባ፣ ባትሪዬ ሊያልቅ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ገብተናል። አንለቃችሁም አሉን። ትናንት እንግዳ ነበራችሁ፣ ዛሬ ነው ቤተኛ የሆናችሁ ይሉናል። ምን ላድርግ?»

እናቷ ከኋላዬ መጥታ ምን አለች፣ ምን አለች ትለኛለች።

«ተቀመጪ» አልኳት። «ሥራሽ ይጠብቃል።»